ምድርን መንገዷን ማሳት እንችላለን?

ሰሞኑን ምድርን ስለመነቅነቅ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

«የዓለም ሕዝብ ባንዴ ቢዘልስ?»

ምንም አይፈጠርም። ሁላችን ተደምረን የምድርን ክብደት አሥር ትሪሊዮንኛ እንኳን አንሞላም። ምድር ከአንድ አተም ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ፈቀቅ ትላለች፤ ስናርፍ ደግሞ ትመለሳለች።

«የኒውክሌር ቦምብ በሙሉ ቢፈነዳ ከምህዋሯ አትወጣም?»

አትወጣም። እኛ ግን አንተርፍም። ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ጀልባዋን መግፋት ያው ከንቱ ድካም ነው። ፍንዳታው የሚያስፈነጥረው አፈር ተመልሶ እዚሁ ይወድቃል። ምድር እንድትገፋ ከእሷ የሚወጣው ነገር በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ ጭራሽ ማምለጥ አለበት።

«ግድብ የቀኑን ርዝመት ይቀይራል የሚባለው ወሬ ነው አይደል?»

ወሬ አይደለም! ቦምቡን ትታችሁ ውሃውን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የቻይናው ስሪ ጎርጅስ ግድብ 40 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። በናሳ ሳይንቲስቶች ስሌት፣ ግድቡ ሲሞላ ቀኑ በ0.06 ማይክሮሰከንድ (ማይክሮሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይረዝማል፤ ዋልታውም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ከባሕር ወለል ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተከማቸ ውሃ ከምድር ዛቢያ፣ ማለትም ከምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር፣ ይርቃል። ክብደት ከዛቢያ ሲርቅ ሽክርክሪቱ ይዘገያል።

ከግድብ የባሰው ግን የጉድጓድ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2010 ድረስ ለመስኖና ለመጠጥ ተስቦ የወጣው የከርሰ ምድር ውሃ 2,150 ጊጋቶን (ጊጋቶን ቢሊዮን ቶን ነው) ገደማ ይገመታል። አብዛኛው መጨረሻው ባሕር ነው። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ይህ ብቻውን የመሽከርከሪያ ዋልታውን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ገፍቶታል። በፓምፕ!

«የበረዶ መቅለጥስ?»

ያው ነው። ዋልታ አካባቢ የነበረው ውሃ ወደ ምድር ወገብ ይሄዳል፤ ቀኑም ይረዝማል። ከ2000 ወዲህ ያለው ፍጥነት በመቶ ዓመት 1.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሰዓታችሁን ለማስተካከል አትቸኩሉ።

«ምህዋሯን ግን ነክተን አናውቅም?»

ነክተናል። በ1990 ወደ ጁፒተር ትጓዝ የነበረችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር በምድር አጠገብ ስታልፍ በስበቷ ተስባ ፍጥነት ጨምራለች። የጨመረችው ከምድር ጉዞ ላይ የተቀነሰ ነው። ቅናሹን የሚለካ መሣሪያ ግን የለም።