መልስ፦ የባቡር ምስል ያለበት የ«ባርብ» ዓርማ

ሰላም ወንድሜ፤ ሻጩ የአሜሪካዋ ሰርጓጅ መርከብ «ባርብ» የባቡር ምስል ያለበት የጨርቅ ዓርማ በ1944 እ.ኤ.አ. በጥልፍ እንደተሠራ ነግሮህ ልመነው ወይ ብለሃል። በእኔ እምነት ዘመኑ ትክክል አይደለም። ምስሉ የሚያሳየው የጃፓን ባቡር በ«ባርብ» መርከበኞች የተመታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጁላይ 23 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ12ኛውና በመጨረሻው የውጊያ ጉዞዋ ስምንት መርከበኞች በሌሊት በጎማ ጀልባ ወደ ካራፉቶ፣ ማለትም በወቅቱ በጃፓን ሥር ወደነበረው የሳክሃሊን ደሴት ደቡባዊ ክፍል፣ ቀዝፈው ባቡሩ ራሱ ሲጫነው የሚፈነዳ ፈንጂ ከሐዲዱ ሥር ቀብረዋል፤ ወደ መርከቧ ሳይመለሱም ፈነዳ። ስለዚህ ያንን ምስል የያዘ ዕቃ ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ የተሠራ ነው። ክሩንም በአልትራቫዮሌት መብራት እየው፤ ደምቆ ነጭ ሰማያዊ ካበራ፣ በአብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ መሆኑን ያሳያል። ከመርከበኛ የአገልግሎት ወረቀት ጋር ካልቀረበልህ በቀር ውድ ዋጋ አትክፈልበት።