የተፈረመ ፈንክሽን ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ማስገባት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በሲ ሻርፕ የተጻፈ ፈንክሽን ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ውስጥ ስለማስገባት፣ ስለ ሲኤልአር ማለቴ ነው፣ ጠይቁኝ። አንዱን ቀድሜ ልናገር፦ ትረስትወርዚን፣ ሰርቨሩ ዳታቤዙን እንዲያምነው የሚያደርገውን ቅንብር፣ ኦን አታድርጉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ»ን እንደ አንድ ስም የሚፈልግ ፈንክሽን ጻፍኩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 ላይ ይሠራል፤ 2019 ላይ አሴምብሊው (ኮዱ ያለበት ዲኤልኤል ፋይል) አልገባም አለኝ። ሴፍ፣ ማለትም ከዳታቤዙ ውጭ ምንም የማይነካ፣ ነው እኮ!

መልስ፦ ከ2017 ጀምሮ «ሲኤልአር ስትሪክት ሴኪዩሪቲ» የሚባለው ቅንብር በርቶ ነው የሚመጣው። እሱ ሲበራ ሴፍ ያልከውም እንደ አንሴፍ፣ ገደብ እንደሌለው፣ ይታያል። ሁለቱን ይለይ የነበረው የዶትኔት (ሲ ሻርፕ የሚሮጥበት መድረክ) አጥር ዛሬ እንደ ጥበቃ አይቆጠርማ። ስለዚህ ፈርም። ቅደም ተከተሉን ግን እንዳታዛባ። መጀመሪያ ዲኤልኤሉን በሰርተፍኬት ትፈርማለህ። ሰርተፍኬቱን ያለ ግል ቁልፉ (የሚፈረምበት ምስጢር) ማስተር በሚባለው የሰርቨሩ ዋና ዳታቤዝ ውስጥ ታስገባለህ። ከሱ ሎግኢን ትፈጥራለህ፤ ሰው አይገባበትም፣ ፈቃድ መያዣ ነው። ለዚያ ሎግኢን የ«አንሴፍ አሴምብሊ» ፈቃድ ትሰጣለህ። ክሪኤት አሴምብሊ፣ ማለትም ዲኤልኤሉን ማስገባቱ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከሱ ይጀምርና ኤረር ሲያይ ስትሪክቱን ያጠፋዋል። የግል ቁልፉ ሰርቨሩ ጋ አይድረስ።

ጥያቄ፦ ትረስትወርዚ ኦን ቢደረግስ? አንድ መስመር ነው።

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። የዳታቤዙ ባለቤት ኤስኤ (የሰርቨሩ ሙሉ አስተዳዳሪ) ከሆነ፣ ዲቢ ኦውነር የሆነ (በዚያ ዳታቤዝ ብቻ ሙሉ ሥልጣን ያለው) ሰው «ኤክስኪዩት አዝ ኦውነር» (በባለቤቱ ሥልጣን ሩጥ) ያለበት ፕሮሲጀር ጽፎ ሰርቨሩን በሙሉ ይይዛል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ዳታቤዝ እንዲህ ተከፍቶ አግኝቻለሁ። ማን እንደከፈተው የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ አባል፦ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ማድረግ ፊደላችንን ማጥፋት ነው።

ሌላ አባል፦ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ለፍለጋ ብቻ ነው። ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። «ሠናይት»ን በ«ሰ» ፈልገው ካጧት ሌላ ካርድ ያወጡላታል። የድሮ ታሪኳ እዚያው ይቀራል።

መልስ፦ ሁለተኛው ልክ ነው። ደግሞ ለዚህ ሥራ ሲኤልአር የግድ አይደለም፤ ከ2017 ጀምሮ ትራንስሌት የሚባል ፈንክሽን አለ። ፊደል በፊደል ይተካል። ኮሌሽኑን (የፊደል ማወዳደሪያ ደንቡን) ባይነሪ አድርጉት፣ ውጤቱን በሌላ ኮለም አስቀምጡና ኢንዴክስ ሥሩበት።

ጥያቄ፦ ፊርማው አልሠራልኝም፣ እርዱኝ።

መልስ፦ ኤረሩን ሳታሳየኝ ምን ልበልህ? ሙሉውን ለጥፈው።

ጥያቄ፦ አዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ላይስ?

መልስ፦ የትኛው? አዙር ኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሲኤልአር አይቀበልም። ማኔጅድ ኢንስታንስ ይቀበላል፤ ፋይል ከዲስክ ስለማያነብ ግን ዲኤልኤሉን በሄክስ ቁጥር ጽፈህ ስጠው።

ጥያቄ፦ ዲኤልኤሉ የሌላ ኩባንያ ነው፤ ፊርማ የለውም።

መልስ፦ የሻ 512 ሃሹን፣ ከፋይሉ የሚሰላ አሻራውን፣ በ«ኤስፒ አድ ትረስትድ አሴምብሊ» መዝግቡ። አዲስ ቨርዥን በመጣ ቁጥር ሃሹ ይለወጣል፤ አሮጌውን ሰርዙ።

ጥያቄ፦ ትረስትወርዚ ለቴስት ብቻ ቢሆንስ?

መልስ፦ ለቴስትም አይሆንም። ነገ ፕሮዳክሽን ላይ የሚሮጠው ያው የቴስቱ ስክሪፕት ነው።