አሮጌ መኪና ማሳደስ ወይስ ሸጦ ሌላ መግዛት? ጥያቄና መልስ

መላሹ፦ የመኪና ጋራዦችና መለዋወጫ በሚበዙበት የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አካባቢ ሞተር ስፈታና ስገጥም ስለ ኖርኩ የማውቀውን እመልሳለሁ። የመኪናውን ዓይነት፣ ሞዴሉንና ያያችሁትን ችግር በትክክል ጻፉ። ሳይለካ ሞተር አይወርድም (ከመኪናው ወጥቶ አይፈታም)፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አትሰልቹ።

ጥያቄ (አራት ኪሎ፣ የ1988 ኮሮላ ዲኤክስ)፦ ጋሼ፣ የአባቴ መኪና በቸርችል ጎዳና አቀበት ላይ መብራት ይዞን ስንቆም ሙቀቱ ይጨምራል፤ የራዲያተሩ ውኃም በየሁለት ቀኑ ይጎድላል። መካኒኩ ሞተሩ መውረድ አለበት ብሎ 180 ሺህ ብር ጠየቀን። ብንሸጠው አይሻልም?

መልስ፦ ልጄ፣ ምን ለክቶ ነው ይውረድ ያለው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ በክፍት ድስት የተጣደ ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ የታፈነ ውኃ ግን፣ ክዳኑ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ከሆነ፣ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ጤነኛ የነበረ ሞተር አቀበት ላይ ይፈላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም (በመካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ (ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይከፈትም) ክዳኑን ገልብጠህ ጎማውን በጥፍርህ ጫን፤ እንደ ድርቆሽ ከተፈረፈረ ከዚያ ጀምር።

ቴርሞስታቱስ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው) በቦታው አለ? ብዙ መካኒኮች «ለእኛ አገር አያስፈልግም» እያሉ አውጥተው ይጥሉታል። ያለ እርሱ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ያባክናል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ፤ በመጨረሻም ያው መካኒክ ሞተሩ ይውረድ ይላል።

ከዚህ በኋላ ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰጠ ስለሆነ እዚህ ጤነኛ ሞተርም ሩብ ያህል አሳንሶ ያሳያል፤ ዋናው ነገር የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። አንዱ ዝቅ ካለ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩት፤ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

ሽያጩን በተመለከተ፣ 180 ሺውን ከመኪናው ዋጋ ጋር አታወዳድር፤ ይህን ሸጠህ የተሻለ ለመግዛት ከምትጨምረው ገንዘብ ጋር አወዳድረው።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ቪትዜ ድምፅ ያሰማል። ልሽጣት?

መልስ፦ ምን ዓይነት ድምፅ? ከፊት ወይስ ከኋላ? ሲታጠፍ ወይስ ፍሬን ሲያዝ? በዚህ ላይ ተመሥርቶ መኪና አይሸጥም።

ጥያቄ (ልደታ)፦ የእኔ ኮሮላ ሞተሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወለሉና የበሮቹ ሥር ዝጓል። ባትላሜራው (የመኪና አካል ጠጋኙ) በሁለት ሳምንት አዲስ አደርገዋለሁ ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ እርስዎ ይሽጡት። ሞተር፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ተፈትተው ይተካሉ፤ የዛገ ወለል ግን ቢበየድም ዝገቱ ከብየዳው ዳር እንደገና ይጀምራል። ሌላ ሲገዙም ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹ ሥር ያሳልፉ፤ ስቱኮ (ዝገትና ጉዳት የሚሸፈንበት ልጥፍ) በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም።

አስተያየት (ካዛንቺስ)፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሎ ሳለ፣ በአሮጌ ሞተር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? የኤሌክትሪክ መግዛት ነው እንጂ።

አስተያየት (ልደታ)፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ገመዱን በመስኮት ያውርድ?

አስተያየት (ካዛንቺስ)፦ መሥሪያ ቤት ይሙላ።

አስተያየት (ልደታ)፦ የእኔ መሥሪያ ቤት እንኳን ለመኪና ለኮምፒውተርም መብራት አይበቃውም።

መልስ፦ እባካችሁ ወደ ጉዳያችን እንመለስ፤ የባትሪ መኪና ሙያዬ አይደለም። ክልከላው ግን አሮጌ ሞተር ማሳደስ አያዋጣም ማለት አይደለም። አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ ክልከላው ሲጨመርበት እዚህ ያለው ዲኤክስ ተተኪ አጣ። ዕድሜው ስለገፋ ብቻ ዋጋው የማይወድቀውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ተክለ ሃይማኖት)፦ ለአሮጌ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ያዋጣል?

መልስ፦ ኢንሹራንሶችን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ስድስት ኪሎ)፦ መኪናዬ ዘይት ይበላል። ሞተሩን ላስወርድ ወይስ ልሽጥ?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብበዋል? በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚበላ፣ ጭሱ ሰማያዊ መሆን አለመሆኑን፣ ከሥሩ የሚንጠባጠብ መኖሩን አልጻፉም። የሚያፈስ ጓርኒሲዮን ለመቀየር ሞተር ያስወረደ ሰው አውቃለሁ። አስለኩና ቁጥሩን ይዘው ይምጡ።

ጥያቄ (አራት ኪሎ፣ ዲኤክስ)፦ ጋሼ፣ የክዳኑ ጎማ እንዳሉት ተፈረፈረ፤ ቴርሞስታቱም የለም። አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ 1.1 ይላል። ባለ ሱቁ ይህ ይበልጥ ጠንካራ ነው አለኝ።

መልስ፦ በአሮጌው ላይ 0.9 ተጽፎ ከሆነ መልሰህ 0.9 ውሰድ፤ የ1.1 ግፊት ያረጀውን ቱቦ ይተረትረዋል። ቴርሞስታቱን ሳታስገባም ኮምፕሬሽን ለማስለካት አትሂድ።