ለባሌስትራ ቢላ ናይትሮጅን ያስፈልጋል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከባሌስትራ ቢላ ትሠራለህ። ቪዲዮ ላይ ሰዎች የጋለውን ቢላ ዘይት ውስጥ ከነከሩ በኋላ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲከቱት አይተሃል። የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ይዞ ከብት የሚያዳቅል ዘመድ ስላለህ ናይትሮጅኑ አይቸግርህም፤ ልሞክረው ወይ ነው ያልከው። ለባሌስትራ ከሆነ አትድከም። ምክንያቱ ግን ትንሽ ያስወራል።

ብረቱ በደንብ ሲግል ውስጡ ኦስተናይት ወደሚባል አደረጃጀት ይለወጣል። ዘይት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ ኦስተናይት ማርተንሳይት ይሆናል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥያቄው ለውጡ የት ላይ ያልቃል ነው። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 5160 የሚባለው ብረት ወይም ሲሊከን የበዛበት ዘመዱ ነው። 5160 ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው፣ ክሮሚየሙም ከ1 በመቶ በታች። እንዲህ ያለው ብረት በእጅ እስኪያዝ ሲበርድ ለውጡን ከሞላ ጎደል ጨርሷል። ከዚያ በኋላ -196 ዲግሪ ውስጥ ብትከተው ናይትሮጅኑ የሚሠራው ሥራ አያገኝም።

እነ ዲ2 የሚባሉት የመሣሪያ ብረቶች ግን ሌላ ናቸው። የዲ2 ካርቦኑ 1.5 በመቶ፣ ክሮሚየሙ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ የክፍል ሙቀት ላይ ደርሶም ገና ያልተለወጠ ኦስተናይት ውስጡ ይቀራል። ያን የሚጨርሰው ብርዱ ነው። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ከፍ ሊል ይችላል። በምትኩ ለመሰበር ትንሽ ይቀርባል። ቪዲዮ ላይ ያየሃቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነቱ ብረት ወይም በማይዝግ ብረት ነው።

እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ነበር። ከአንድ ባሌስትራ የወጡ ሁለት ቢላዎች አብሬ አግዬ አንዱን ናይትሮጅን ውስጥ አስገባሁት። ሁለቱንም አንድ ላይ ቴምፐር አድርጌ (የጠነከረው ብረት እንዳይሰባበር መልሶ በመጠኑ ማሞቅ ነው)፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር አራዳ ለሚገኝ የማውቀው ሥጋ ቆራጭ ሰጠሁት። ሰንብቼ ስጠይቀው የወደደው እጀታው የተመቸውን ነው! ስለቱ ላይ ልዩነት አላገኘም።

ቢላህ ቶሎ እየዶለዶመ ከሆነ ችግሩ ያለው ምድጃህ ላይ ነው። በከሰልና በወናፍ ስትሠራ ብረቱን ከልክ በላይ ማጋል ቀላል ነው። ማግኔት ብረቱን መያዝ የሚተወው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ትንሽ ጨምርለት፤ 5160 ወደ 830 ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ሥራ፣ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ያታልላል። ዘይቱንም 50 ዲግሪ ገደማ አሙቀው፤ የጎንደር የጠዋት ብርድ ያወፈረው ዘይት ብረቱን ቶሎ አያበርደውም። ከዘይት ሲወጣ ሞረድ ስለቱ ላይ አስኪድበት። ሞረዱ ሳይነክስ ሸርተት ካለ ጠንክሯል። ከነከሰ አልጠነከረም፣ ወይም ላዩ ካርቦኑን አጥቷል፤ ትንሽ ፈገፍገህ እንደገና ሞክር።

አንድ ቁራጭ አብረህ አጠንክርና በመዶሻ ስበረው። የተሰበረበት ቦታ ግራጫና ልስልስ ከሆነ ጥሩ ነው። የሚያብለጨልጭ ትልልቅ ፍሬ ካየህ አቃጥለኸዋል። ያን ናይትሮጅን አያድነውም። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ እንደመቀየር ነው።

ቴምፐሩን ሳታሳድር በዚያው ቀን አድርገው። 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ አብርደህ ደግሞ ሁለት ሰዓት። የቤት ኦቨር ቁጥሩ ስለሚዋሽ ቴርሞሜትር ግዛ፤ ለናይትሮጅን የምትደክመውን እዚያ ላይ አውለው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ስትፈትሽ ግን 100 አትጠብቅ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው። ስንቱ ደህና ቴርሞሜትር በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

ኩሽኔታ በባሌስትራና በዲ2 መሃል ላይ ነው ያለው። ብዙው 52100 የሚባለው ብረት ነው፤ ካርቦኑ 1 በመቶ ስለሆነ ትንሽ ኦስተናይት ይቀርበታል። ሙቀቱን ከ800 ብዙ ካላሳለፍከው ግን ያለ ናይትሮጅንም ግሩም ቢላ ይወጣዋል።

ዲ2 ከውጭ ካስመጣህና 1,010 ዲግሪ አካባቢ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካገኘህ ያኔ ሞክረው። ፍሪዘር ይበቃል የሚሉ አሉ፤ -18 ትንሽ ይረዳል እንጂ ሥራውን አይጨርስም። ካጠነከርክ በኋላ አታሳድረው፤ ሲቆይ ኦስተናይቱ ይደነድንና ለብርዱም እምቢ ይላል። የዘመድህን ኮንቴይነር ደግሞ አትንካ፤ ናይትሮጅኑ ከጎደለ የስንቱ ገበሬ ጥጃ ይቀራል። የተረፈ ካለ በስታይሮፎም ሣጥን ይስጥህ፣ ክዳኑን ግን አታጥብቀው። በርና መስኮት ክፈት፤ 1 ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ስለሚሆን በዝግ ክፍል ሳታውቀው ያፍንሃል። ቢላውን በአንዴ አትዝፈቀው። ከላይ በሚተነው ጉም ውስጥ አቆይተህ ቀስ እያልክ አውርደው። ስታወጣውም ሙቅ ውሃ እንዳታስነካው፤ በራሱ ጊዜ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ወዲያው ወደ ቴምፐር ውሰደው።