ማስገባቱ ቀላል ነው፤ ማውጣቱስ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በትሬዲንግ አካውንት (አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ሂሳብ) ውስጥ የመጀመሪያውን ገንዘብ ስለማስገባት ናቸው። አንዳንዶቹን እነሆ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከባንኬ 500 ዶላር አስገባሁ። አፑ ወዲያው አክሲዮን አስገዛኝ፤ ቀሪውን ላውጣ ስል ግን ከለከለኝ። ተበላሁ እንዴ?

አልተበላሽም። በኤሲኤች፣ ማለትም በአሜሪካ ባንኮች መደበኛ የኤሌክትሮኒክ ዝውውር፣ የሚላክ ገንዘብ በእርግጥ እስኪገባ የሥራ ቀናት ይፈጃል፤ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም። ብዙ ብሮከሮች (አክሲዮን የሚያገበያዩ ድርጅቶች) እስከዚያው አምነው ያስገዙሻል። ለማውጣት ግን ይጠብቃሉ፣ ባንክሽ «በቂ ሂሳብ የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላላ።

ከባለቤቴ የባንክ አካውንት ማስገባት እችላለሁ?

አብዛኞቹ ብሮከሮች አይቀበሉትም። የባንኩና የትሬዲንግ አካውንቱ ስም አንድ ይሁን።

በስንት ልጀምር?

አሜሪካ ላሉ፦ ፊደሊቲም ሽዋብም የሚባሉት ብሮከሮች መደበኛ አካውንት ለመክፈት ዝቅተኛ መጠን አይጠይቁም። ስለዚህ 50 ዶላር አስገቡ፤ ምንም ሳትገዙ 20ውን መልሳችሁ አውጡ። ባንካችሁ ሲደርስ ነው ስለ ትልቁ ገንዘብ የምናወራው። ሲፒክ የሚባለው ዋስትና ብሮከሩ ቢከስር እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ ጣሪያው 250,000 ነው። የገዛችሁት አክሲዮን ቢወርድ ግን አይመለከተውም።

ከዱባይ፦ በቴሌግራም የተዋወቅሁት ሰው ባሳየኝ አፕ 250 ዶላር በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) አስገባሁ። አሁን 1,900 ሆኗል። ላወጣ ስል «መጀመሪያ የግብር 300 ዶላር ክፈል» አሉኝ። ልክፈል?

ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! አፑ ላይ የምታየው 1,900 እነሱ የጻፉት ቁጥር ነው። እውነተኛ ብሮከር ክፍያ ካለበት ካለህ ሂሳብ ላይ ይቀንሳል እንጂ ከኪስህ ጨምረህ አምጣ አይልም። ግብርም ለመንግሥት እንጂ ለማታውቀው ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አይከፈልም። ደግሞስ በኤምሬትስ ግለሰብ በራሱ ገንዘብ ነግዶ ባተረፈው የቱን የገቢ ግብር ነው የሚከፍለው?

300ውን ብትሰጥ ነገ «የማረጋገጫ» የሚባል ክፍያ ይመጣል። «መጀመሪያ ግን 50 ዶላር አውጥቼ ነበር» የሚሉኝም አሉ። ያ ማጥመጃው ነው። ስለዚህ ትንሽ ማውጣት መቻል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ገንዘብ ከመላክ በፊት የድርጅቱን ስም በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። አሜሪካ ላላችሁ ብሮከርቼክ የሚባለው የብሮከሮች መፈለጊያ ድረ ገጽ በነፃ ያሳያችኋል።

ዩኤስዲቲ አንዴ ከሄደ እንደ ካርድ ክፍያ «መልሱልኝ» አይባልበትም። ቢሆንም ቻቱንና የዋሌት አድራሻውን ሳታጠፋ ለዱባይ ፖሊስ በኢ-ክራይም፣ የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻው፣ አመልክት። «ገንዘብህን እናስመልሳለን» የሚሉም ደውለው ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁሃል፤ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ ከብር አካውንቴ ውጭ አገር ላለ ብሮከር መላክ እችላለሁ?

ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አይቻልም። ከጥቁር ገበያ ዶላር ገዝተው በሰው በኩል የሚልኩ አሉ፤ ሕግ መጣሱ ሳያንስ፣ ገንዘቡ ቢጠፋ አቤት የሚሉበት የለም። አክሲዮን ከሆነ የፈለጉት፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ነበር። እንደ ኒው ዮርክ በየሰከንዱ የሚሸጥ የሚለወጥበት አይደለም፤ ሲፈልጉ ገዢ ላያገኙ ይችላሉ። የሚያገናኝዎት ድርጅት ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው መጀመሪያ ይጠይቁ።