ውድድሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ትኩሳት ለያዘህ

እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ባሕር ዳር ሆነህ ሰባት ወር ስትዘጋጅ ቆይተህ፣ ሩዋንዳ ሩባቩ ላይ ለሚደረገው 70.3 የሚባል ትራያትሎን (1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ) ዘጠኝ ቀን ሲቀርህ ጉሮሮህን ከረከረህ፣ ማታ ትኩሳትህ 38.4 ሆነ፣ ወገብና ጉልበትህን ቆረጣጠመህ። የጠየቅከው ሦስት ነገር ነው፤ ያመለጠኝን ልምምድ የት ላካክስ፣ አንቲባዮቲክ ልጀምር ወይ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ አታካክስም። ዛሬ የሠራኸው ከባድ ልምምድ ጉልበት ሆኖ የሚመለስልህ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምትጨምረው ሁሉ ለውድድሩ ቀን የሚያስተርፍልህ ድካም ብቻ ነው። ደህና ብትሆንም ኖሮ በዚህ ሳምንት መጠኑን ወደ ግማሽ ታወርደው ነበር። አምስትና ስድስት ቀን ሙሉ በሙሉ ብትተኛ መጀመሪያ የሚቀንሰው የደምህ ፈሳሽ መጠን ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት ቀን ከተንቀሳቀስክና በቂ ፈሳሽና ጨው ካገኘህ ይመለሳል። በሰባት ወር የገነባኸው የልብና የጡንቻ አቅም በአንድ ሳምንት አይናድም። ሰው ውድድሩን የሚያበላሸው ትኩሳቱ ጋብ ባለ ማግስት «ቅዳሜ የቀረብኝን ሦስት ሰዓት» ብሎ ወደ መራዊ መንገድ ብስክሌት ይዞ ሲወጣ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ላይ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ምክንያቱም «ክረምት ነው፣ ጉንፋን ነው» ብለህ ደምድመሃል። ጣና ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ትኩሳትና ቁርጥማት ጉንፋን ነው የሚባለው ወባ አለመሆኑ ከታየ በኋላ ነው። የወባ ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም በክረምትም ጨርሶ አይጠፋም። ደብረ ማርቆስ ያላችሁም «እኛ ደጋ ነን» አትበሉ። ለአቀበት ልምምድ አባይ በረሃ ወርዶ ደጀን የሚወጣ ሰው ትንኙን እዚያ አግኝቶ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ትኩሳቱ እያለ፣ ጣትህን ተወግተህ የደም ምርመራ አድርግ። አንዴ ነጻ ነህ ቢሉህና ትኩሳቱ ቢመለስ በማግስቱ ድገመው።

ወባ ከሆነ ውድድሩ አበቃ፤ ይህን ለማለት አላመነታም። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም የሚወሰደው በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ጾም ላይ ከሆንክ ዘይት በደንብ የገባበት ሽሮ ወይም ተልባ ይሆናል፤ በባዶ ሆድ በሻይ መዋጥ ግን መድኃኒቱን ማባከን ነው። ሦስት ቀን ጨርሰህ ስለተሻለህ ብቻ ብስክሌት ላይ አትውጣ። ወባ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ያለው ሰው ወድቆ መሪው ግራ ሆዱን ቢመታው ጣፊያው ሊፈነዳ ይችላል። ደም ማነሱም አለ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ያውም ሐኪም ሆድህን ዳስሶ ሲፈቅድልህ ነው የምትመለሰው።

ሌላው በኛ አካባቢ የተለመደው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚለው ወረቀት ነው። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ድሮ የነካህን ወይም ሌላ ሕመምን እየቆጠረ አዎንታዊ ሊወጣ ስለሚችል አንድ ጊዜ ተሠርቶ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ ቁርጡን የሚናገረው ተሕዋሲውን ከደም አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው። ይህ ለአንድ ስፖርተኛ ለምን ይገደዋል? ወረቀቱን ተከትሎ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ስለሆነ ነው። ሲፕሮና ዘመዶቹ ጅማትን፣ በተለይ የተረከዝን ትልቁን ጅማት፣ ሊያስቆጡና ሊበጥሱ ይችላሉ፤ ጉዳቱ በቀናት ውስጥ ወይም መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። 21 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ባሰብክበት ሳምንት ይህን መዋጥ ያለብህ በእርግጥ ሲያስፈልግህ ብቻ ነው። ሐኪሙን «ስፖርተኛ ነኝ፣ ከሲፕሮ ሌላ አማራጭ አለ ወይ» ብለህ ጠይቀው፤ ነውር የለውም። ጉንፋን ከሆነ ደግሞ አሞክሳሲሊንም ሆነ አዚትሮማይሲን ቫይረስን አይነኩም፤ ሆድህን አዛብተው ይሄዳሉ።

«መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የምትሉም አላችሁ። ቶሎ የሚያነሣው መርፌ አንዳንድ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ነው። እሱና ፕሬድኒሶሎን በመርፌም ሆነ በአፍ ሲወሰዱ በስፖርት የአበረታች መድኃኒቶች ዝርዝር መሠረት በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ከሰውነት እስኪወጡ የቀሩህ ቀናት ላይበቁ ይችላሉ። አፍንጫ ከፋች ክኒኖች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን ከተወሰነ መጠን በላይ ሽንት ውስጥ ከተገኘ ያስቀጣል፤ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም ከ2024 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ወቅት ተከልክሏል። ባሕር ዳር ነንና ይህንንም ልበል፦ ድካሙን ያስረሳኛል ብለህ ጫት እንዳትነካ። በውስጡ ያለው ካቲን በዝርዝሩ ላይ አለ፤ እንቅልፍህንም ይነሣሃል። ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ግራም፣ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን በውድድሩ ዋዜማና ቀን ተዋቸው፤ ሰውነት ፈሳሽ ሲያንሰው ኩላሊትን ይጎዳሉ። ቤተሰብ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ በቡና ቢሰጡህ አልከለክልህም፤ የደም ምርመራውን ግን አይተካም።

ለዋና የምትገባው ጣና ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከጉማሬው ይልቅ ብዙውን ሰው የሚያገኘው ብልሃርዚያ ነው። ውሃው ውስጥ ከገባህ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ሽፍታና የሆድ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ ለሐኪሙ «ጣና እዋኛለሁ» ብለህ ንገረው፤ ካልነገርከው ላያስበው ይችላል። በዚያ ደረጃ እንቁላሉ ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም ላደገው ትል እንጂ ለጨቅላው እምብዛም ስለማይሠራ ቶሎ የተወሰደ እንደሆነ ቆይቶ መደገም ያስፈልገዋል።

እሺ፣ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ተራ ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ ነው እንበል። ሕመሙ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም አፍንጫ መፍሰስ፣ ማስነጠስ፣ ቀለል ያለ የጉሮሮ መከርከር፣ ቀላል እንቅስቃሴ ይቻላል። ትኩሳት፣ የደረት ሳል፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም ተቅማጥ ካለ አይቻልም። አንተ ትኩሳትም ቁርጥማትም ስላለህ ዛሬ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ምንም አትሠራም፤ «ለማላብ» ብለህ ትሬይነር (ቤት ውስጥ ብስክሌት የሚነዳበት ማቆሚያ) ላይም አትወጣም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። አንዳንድ ቫይረስ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል፤ በዚያ ሰዓት ልብን ማስጨነቅ የምት መዛባት ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ደረትህን ከወጋህ፣ ልብህ ያለ ምክንያት ከዘለለ ወይም ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠረህ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደህ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሣ። በዚህ ላይ ቀጠሮ አይቆረጥም።

በእነዚህ ቀናት ሥራህ መተኛት፣ መጠጣትና መለካት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሣ፣ ቡናም ሳትቀምስ፣ የልብ ምትህን ቁጠር። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ ምትህን ወደ አሥር ገደማ ይጨምረዋል። ፓራሲታሞል ከወሰድክ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቆይተህ ነው ትኩሳቱን የምትለካው፤ አለዚያ የምታነበው የመድኃኒቱን ሥራ ነው። ምግብ ካልገባልህ የአጃ አጥሚት በማር፣ ወይም ቀጠን ያለ የምስር ሾርባ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተደርጎበት። ካላበህ ወይም ካስቀመጠህ ለምለም (ኦአርኤስ) አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጥ፤ ከሌለህ በአንድ ሊትር ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አፍንጫህን ለማጠብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሲሶ ሊትር የፈላና የበረደ ውሃ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አፍንጫ ውስጥ አይገባም።

ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት 48 ሰዓት ከጠፋና የጠዋት ምትህ ከወትሮው ከአምስት በላይ ካልራቀ መፈተን ትጀምራለህ። የመጀመሪያ ቀን 25 ደቂቃ ብስክሌት፣ እያወራህ በምትችለው ፍጥነት፣ ከቤትህ ሳትርቅ። በምታውቀው ዋት (የብስክሌቱ መለኪያ በሚያሳይህ የጉልበት መጠን) ላይ የልብ ምትህን ተመልከት፤ ከወትሮው ስምንትና አሥር ከፍ ካለ አልዳንክም፣ ውረድ። ደህና ከሆነና ሌሊቱን ሳል ካልጨመረ በማግስቱ 30 ደቂቃ፣ መሐሉ ላይ አራት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ በውድድር ፍጥነት፣ በየመሐሉ ሦስት ደቂቃ እፎይታ። ሦስተኛው ቀን ጉዞ ወይም እረፍት። ሩጫውን ለመጨረሻ አቆየው፤ 15 ደቂቃ ሶምሶማ ይበቃል። ዋና ግን የምትገባው ሳሉ ሙሉ በሙሉ ሲተውህ ነው። በብስክሌትና በሩጫ ሲያቅትህ መንገድ ዳር ትቆማለህ፤ ውሃ መሐል እንዲያ የለም። በትራያትሎን ከሚደርሱት ሞቶች አብዛኞቹ በዋናው ክፍል የሚሆኑት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄህ። የኔ መስመር ይህ ነው፦ ውድድሩ ስድስት ቀን ሲቀረው ትኩሳቱ ካልለቀቀህ አትሄድም። አራት ቀን ሲቀረው የመጀመሪያውን ፈተና ካላለፍክ አትሄድም። ኮቪድ ሆኖ ከተገኘ በዘጠኝ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለምና ለሌላ ጊዜ። ይህን ቀን ሳትጠብቅ ግን ዛሬ ለአዘጋጆቹ ጻፍ፤ ምዝገባን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ይቻል እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ፣ የሐኪም ወረቀት ይጠይቁ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱልህ። የአውሮፕላን ቲኬቱንም ቀን መቀየሪያው ስንት እንደሆነ እወቅ። ብዙ ሰው ታሞ የሚወዳደረው ጤናው ፈቅዶለት ሳይሆን ገንዘቡ ቆጭቶት ነው።

ፈተናውን አልፈህ ከሄድክ አፍንጫህ ተዘግቶ አውሮፕላን ላይ ከሆንክ ሲወርድ ጆሮህ ይታመማል፤ ከመውረዱ በፊት አፍንጫህን እጠብ፣ ማስቲካ አኝክ። ከኪጋሊ ሩባቩ በመኪና ወደ 150 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድመህ ድረስ። ኪቩ ሐይቅ 1,460 ሜትር ላይ ስለሆነ ከባሕር ዳር ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ በኩል ይህ ይረዳሃል፣ ግን በዚህ ተታለህ ያቀድከውን ሰዓት እንዳትይዝ። ዋናውን ከኋላና ከዳር ጀምር። ብስክሌቱን ካቀድከው ዋት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሰህ ንዳ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ የልብ ምትህን ከወትሮው የውድድር ምት አሥር አሳንሰህ ያዝ። በሰዓት ወደ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ሆድህ ከሕመሙ ገና ስስ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሰዓት በግማሹ ጀምር። ፍልሰታ ላይ ከገባና ጾሙን የማትፈታ ከሆነ ቴምር፣ ማርማላታ የተቀባ ዳቦና ጨው የገባበት ድንች ይሠራሉ። በባዶ ሆድ ግን 113 ኪሎ ሜትር የለም፤ የንስሐ አባትህን አስቀድመህ አማክር። ደረት ከወጋህ፣ ከዞረብህ ወይም ብርድ ብርድ ካለህ በዚያው ቁም፤ ሰዓት የሚመዘግበውን ቺፕ ለዳኛ መልስና ሕክምና ድንኳን ግባ።

አሁን ግን መጀመሪያ ደምህን ተመርመር። ውጤቱን፣ የማታውን ትኩሳትና የነገ ጠዋት የልብ ምትህን እዚሁ ጻፍልን፤ ወትሮ ጠዋት ስንት እንደሚመታም ጨምርበት፣ አለዚያ ቁጥሩን ከምን ጋር እንደምናነጻጽረው አናውቅም።