ያልተመዘገበ ዋጋ ሲደመር

ጥያቄ፦ የመጋዘናችን ዕቃ ዝርዝር በጄሰን (JSON፣ መረጃ በስምና በዋጋ ተጣምሮ የሚጻፍበት ቅርጽ) ፋይል ነው የተቀመጠው። ባልደረቦቼ ፕሮግራም ሳይጽፉ መረጃ የሚያወጡበት ትንሽ ቋንቋ ልሠራ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህን በጣም ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ ጄኪውን (jq)፣ ከጄሰን መረጃ የሚያወጣውን ትንሽ ቋንቋ፣ ደህና አድርገህ እየው። ስቲቨን ዶላን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ትንሹ ፕሮግራሙ አንዲት ነጥብ ናት፤ የተቀበለችውን እንዳለ ትመልሳለች። የመስክ ስም (እንደ «ዋጋ» ያለ የመረጃ መጠሪያ) ብትጨምርባት የዚያን መስክ ዋጋ ታወጣልሃለች። ስሙ በአማርኛ ከሆነ ግን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት። ያንተ ቋንቋ ይህን ባይጠይቅ ባልደረቦችህ ይመርቁሃል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ወስን፤ የሌለ መረጃ ሲጠየቅ ምን ይሁን? ጄኪው የሌለ መስክ ስትጠይቀው ነል (null፣ «ዋጋ የለም» ማለት ነው) ይመልሳል። ነል ላይ 500 ብትደምር ደግሞ 500 ይልሃል። ዋጋው ያልተመዘገበ ዕቃ ድምሩ ውስጥ ገብቶ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ማለት ነው። ኤስኪውኤል (SQL፣ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ግን ነል ላይ 500 ሲደመር ነል ነው የሚመልሰው። ለመጋዘን እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። ዜሮ ብር እና ያልተመዘገበ ዋጋ ለየቅል ናቸውና ቋንቋህ አያምታታቸው።

ሉፕ (ትእዛዝን መደጋገም) እና ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዝ ስብስብ) ለጊዜው ይቆዩ። መምረጥ፣ ማጣራት፣ መደመር ለጅምሩ ይበቃሃል።